መድኃኒቱ ከሸፈ፤ ጉበቱስ?

አማርኛችን ለሆድ ዕቃ ያደላል። ስናዝን አንጀታችን ይበላል፣ ስንደነግጥ ሐሞታችን ይፈስሳል፣ ምስጢር ስንይዝ "ሆድ ይፍጀው" እንላለን፤ ስለ ልብማ የተዘፈነውን ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል! ጉበት ግን ትዝ የሚለን ዱለት ሲቀርብ ነው። ጥፋቱ የእኛ ብቻም አይደለም፤ ጉበት ራሱ ስለ ራሱ አያወራም። ጨጓራ ያቃጥላል፣ ጥርስ ይጠዘጥዛል፣ ኩላሊት ይወጋል። ጉበት ዝም ብሎ ይሠራል፣ ሲጎዳም ዝም ብሎ ይጠባሳል። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ውስጡ ጎጆ ሠርቶ 20 ዓመት ቢኖር እንኳ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ቫይረስ ከተማችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ ነው ያለው። አንደኛው የድሮው ነው፦ "ጉበት ነው አሉ… አለቀለት በቃ!" ሁለተኛው አዲሱ ነው፦ "ኧረ አሁን መድኃኒት ተገኝቷል፣ በሦስት ወር ድብን አድርጎ ነው የሚያጠፋው!" ሁለተኛው ወሬ ወደ እውነቱ በጣም ይቀርባል። አዳዲሶቹ እንክብሎች ከ100 ሰው ከ95 በላዩን ያድናሉ።

የቀሩት ጥቂቶችስ? እንክብሉን ሳያጓድሉ ውጠው፣ ገንዘባቸውን ከስክሰው፣ በመጨረሻ "ቫይረሱ አሁንም አለ" የተባሉት? ለእነሱ ወሬ የለንም። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ አንገቱን ነቅንቆ ያሰናብታል። ከዚያ በኋላ የሚቀበላቸው ማር የሚበጠብጥ ዘመድ፣ "ጉበት አጣቢ" የሚሸጥ ነጋዴ ወይም ብርጭቆ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነሱ ነው። አቋሜንም አስቀድሜ ልናገር፦ "መድኃኒቱ አልሠራም" ማለት ሕክምናው አበቃ ማለት አይደለም። እንዲያውም ጉበቱ ከምንጊዜውም በላይ ጠባቂ የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ እውን ከሽፏል?

እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ሰው ያስለቅሳል። ለሄፓታይተስ ሲ ሁለት ዓይነት የደም ምርመራ አለ። ርካሹና ፈጣኑ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ ማለትም ሰውነታችን ቫይረሱን ሲዋጋ ያመረተውን ወታደር። ይህ ወታደር ጠላቱ ከሞተ በኋላም ከደም ውስጥ ላይወጣ ይችላል። ሙሉ በሙሉ የዳነ ሰው በዚህ ምርመራ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኩን "ፖዘቲቭ" ሊባል ይችላል ማለት ነው። ቫይረሱ ራሱ መኖር አለመኖሩን የሚናገረው ሁለተኛው ምርመራ ነው፤ የቫይረሱን ዘረ መል (አር.ኤን.ኤ) የሚፈልገው። ሕክምናው ተሳካ ወይም አልተሳካም የሚባለውም መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ይህ ምርመራ ተሠርቶ ነው።

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ የሚመረመሩ ወጣቶቻችን ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ማወቅ አለባቸው። ብዙዎቹ ስለ ቫይረሱ መጀመሪያ የሚሰሙት ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የጉዞ ምርመራ ሲያደርጉ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚታየው ፀረ እንግዳ አካሉ ነው። ታክሞ የዳነ ልጅ በድጋሚ "አለብህ" ሲባል መድኃኒቱ የከሸፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ "የትኛው ምርመራ ነው የተሠራልኝ?"

ከከሸፈስ፣ ጥፋቱ የማን ነው?

አገራችን ውስጥ መድኃኒት ሲከሽፍ የመጀመሪያው ተከሳሽ በሽተኛው ነው። "ሳይወስደው ቀርቶ ነው፣ ጠጥቶበት ነው።" መድኃኒት ማጓደል እርግጥ አንዱ ምክንያት ነው። ብቸኛው ግን አይደለም።

ከሩዋንዳ የተገኘውን ትምህርት ተመልከቱ። እዚያ በተደረገ ጥናት ሶፎስቡቪርና ሌዲፓስቪር የሚባሉት መድኃኒቶች አብዛኛውን ሰው አዳኑ። "4አር" የሚባል የቫይረሱ ንዑስ ዝርያ ከነበረባቸው መካከል የዳኑት ግን ከግማሽ ጥቂት የበለጡት ብቻ ነበሩ። ቫይረሱ በተፈጥሮው ያንን መድኃኒት የሚቋቋም ነበር። ሰዎቹ ምንም አላጠፉም። በኢትዮጵያም በብዛት የሚገኘው ዓይነት 4 ነው፤ 4አርም አብሮ ተገኝቷል። ደስ የሚለው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሩዋንዳ ውስጥ በመጀመሪያው ዙር ላልዳኑ ሰዎች የሦስት መድኃኒቶች ቅንጅት ሲሰጣቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ዳኑ።

ሌላው ምክንያት የመድኃኒቶች እርስ በርስ መጣላት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ እንደ ማስቲካ ነው የሚሸጠው። ይህ እንክብል የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ ሌዲፓስቪርና ቬልፓታስቪር ወደ ደም በደንብ እንዳይገቡ ያደርጋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት አላቸው። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስትሄዱ የምትውጡትን ሁሉ፣ ከሱቅ የገዛችሁትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባል የለ? መድኃኒቱን የደበቀም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛ ዙር አለ

"አልሠራልኝም" የሚሉ ሰዎችን መቼ እንደታከሙ መጠየቅ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት የነበረው ሕክምና ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌና ሪባቫይሪን የሚባል እንክብል ነበር። ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጅ፣ ትኩሳትና ድብርት የሚያመጣ፣ ብዙውን ሰው የማያድን ሕክምና። በዚያ ዘመን ያልዳነ ሰው በር የተዘጋበት ከመሰለው ተሳስቷል፤ ለዛሬዎቹ እንክብሎች ጥሩ እጩ ነው። ሶፎስቡቪር አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ነው። ያኔ አንዱ እንክብል 1,000 ዶላር፣ የ12 ሳምንቱ 84,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከ2014 ጀምሮ የሕንድ ፋብሪካዎች በፈቃድ እንዲያመርቱት ሲደረግ ዋጋው በድሃ አገሮች ከዚያ እጅግ ወርዷል።

በአዲሶቹም ላልዳኑት እ.ኤ.አ. በ2017 ሶፎስቡቪር፣ ቬልፓታስቪርና ቮክሲላፕሬቪር በአንድ እንክብል ተቀናጅተው ተፈቀዱ። በሙከራው ላይ ከዚህ በፊት በዘመናዊዎቹ መድኃኒቶች ታክመው ካልዳኑት 96 በመቶ ያህሉ ድነዋል። ቮክሲላፕሬቪር በማይገኝበት ቦታ ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ከሪባቫይሪን ጋር ለ24 ሳምንት መስጠት ሌላው አማራጭ ነው። (ሪባቫይሪን ፅንስን ስለሚጎዳ ወንዱም ሴቷም እርግዝናን በጥብቅ መከላከል አለባቸው።)

ታዲያ ሐኪማችሁን "ሁለተኛ ዙር አለ ወይ? እዚህ ከሌለ የት?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሕይወቱ የእናንተ ነው።

እስከዚያው ድረስ

ሁለተኛው ዙር እስኪመጣ ወር ወይም ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ጉበት በዚህ ጊዜ ምን ይፈልጋል? ዝርዝሩ አሰልቺ ነው፤ ግን የሚሠራው አሰልቺው ነው።

መጠጥ ማቆም። መቀነስ አላልኩም፣ ማቆም። ቫይረሱና አልኮሉ አንዱ ሌላውን እየገፋ ጠባሳውን ያፋጥኑታል። "ጠላ ነው እኮ፣ የቤት ነው"፣ "ጠጁ ማር ነው"፣ "ድራፍት ውኃ ነው" የሚባለውን ጉበት አይሰማም፤ ሁሉም ለእሱ አልኮል ነው።

ጫት። ይህን ስል ቅር የሚላችሁ አትጠፉም። ሐረር ውስጥ ባሉ ሆስፒታሎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል፤ ብዙ የቃመ ደግሞ ብዙ ተጎድቷል። በቫይረስ የቆሰለ ጉበት ላይ ይህን መጨመር ምን ይባላል?

የሕመም ማስታገሻ። ጉበቱ ወደ ሲሮሲስ ለደረሰ፣ ማለትም ጠባሳው ለጠነከረበት ሰው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አደገኛ ናቸው፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ያፈስሳሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል ባይበልጥ።

ክትባት። በቆሰለ ጉበት ላይ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ኤ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። አገራችን የሄፓታይተስ ቢን ክትባት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ከዚያ በፊት ተወልዳችኋል፤ ስለዚህ "ተከትቤያለሁ" ብላችሁ አትገምቱ። ተመርመሩ፣ ከሌለባችሁ ተከተቡ። የቢ ቫይረስ ያለበት ሰው ደግሞ የሲን መድኃኒት ሲወስድ ቢው ሊቀሰቀስበት ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ምግብ። "ጉበት ያለበት ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል አይነካም" የሚባለው ሰውን ያከሳል እንጂ አያድንም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው እንዲያውም ከጤነኛው የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ወተት፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ። በደንብ የበሰለ! ጥሬ ሥጋውን ለሌላ ሰው ተዉለት፤ የደከመ ጉበት ጀርም መከላከል ይከብደዋል። የሻገተ ለውዝና በቆሎም ጣሉ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል። ሆድ ውኃ መቋጠር ከጀመረ ጨው ይቀነስ። ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መዋልም ለዚህ ሰው ጡንቻውን ይበላዋል፤ ከመኝታ በፊት ትንሽ ነገር መቅመስ ይመከራል። ጾምስ? የንስሐ አባቱን ያነጋግር፤ ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

አሁን ደግሞ የምሥራቹን ልንገራችሁ፦ ቡና! አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ያልሠራላቸውና ጉበታቸው ክፉኛ የተጠባሰ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ክፍሉ በቀን ሦስት ስኒና ከዚያ በላይ ቡና የሚጠጡት በሽታቸው የመባባስ ዕድሉ ከማይጠጡት በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሻይ ላይ ግን ይህ አልታየም። ሦስት ስኒ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ… አያቶቻችን ምን ያውቁ እንደነበር እንጃ። እርግጥ የፈረንጅ ስኒ ከእኛ ስኒ ይበልጣል፤ ጥናቱም ግንኙነቱን አየ እንጂ ቡና መድኃኒት ነው አላለም። ቢሆንም ከተከለከሉት ሁሉ በኋላ አንድ የተፈቀደ ነገር ማግኘት ነፍስን ደስ ያሰኛል። ስኳሩን ቀነስ አድርጉ እንጂ።

"ጉበት አጣቢ" ነጋዴዎች ሆይ

ተስፋ የቆረጠ ሰው ጥሩ ገበያ ነው። "ጉበትን ያጥባል፣ መርዝ ያስወጣል" የተባለ ጠርሙስ በየቦታው ሞልቷል። ከሁሉ ታዋቂው ሲሊማሪን የሚባለው ከእሾህ ተክል የሚወጣ ነገር ነው። ይህም በወጉ ተፈትኗል። በኢንተርፌሮን ያልዳኑ 154 ሰዎች ለ24 ሳምንት ከፊሎቹ ሲሊማሪን፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ተሰጣቸው። መጠኑም ከተለመደው በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት፦ በጉበት ኢንዛይማቸው ላይ ልዩነት የለም። ስለዚህ ያንን ጠርሙስ የምትገዙበት ገንዘብ ለአልትራሳውንድ ይዋል።

የሐኪሞችም መንደር ከዚህ ትምህርት አያመልጥም። "ቫይረሱን ባያጠፋ እንኳ ጉበቱን ይጠብቅለት" ተብሎ ያልዳኑ ሰዎች ለሦስት ዓመት ተኩል አነስተኛ መጠን ያለው ኢንተርፌሮን እንዲወጉ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታወቀው ውጤት ምንም እንዳልጠቀማቸው አሳየ። ትርፉ ስቃይ ሆነ። አንድ ነገር ማድረግ ሁልጊዜ ምንም ካለማድረግ አይሻልም።

የባህል መድኃኒትስ? ሁሉም መርዝ ነው የሚል ትዕቢት የለኝም። ዓይን ቢጫ ሲሆን "የወፍ በሽታ ነው" ብሎ ወደ ባህል ሐኪም መሮጥ የቆየ ልማዳችን ነው። ነገር ግን የሚጠጣውን ሁሉ የሚያጣራው ያው የታመመው ጉበት ነው። መጠኑ ያልታወቀ ሥር ማጠጣት እግሩ የተሰበረን ሰው "ሮጠህ አምጣ" እንደማለት ነው። ያውም ዓይን ቢጫ የሆነበት ሰው ሰዓት የሚባክንበት ሰው አይደለም።

ጠባሳውን መቁጠር

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው ሰዎች በ20 ዓመት ውስጥ ሲሮሲስ የሚደርስባቸው ከ100 ከ15 እስከ 30 ያህሉ ናቸው። ሁሉም አይደሉም። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ "እኔ የቱ ጋ ነኝ?" ነው። ውድ መሣሪያ ባይኖርም ለዚህ የሚሆን ሂሳብ አለ፤ ፊብ 4 ይባላል። ዕድሜን በኤ.ኤስ.ቲ ማባዛት፤ ከዚያ የፕላትሌትን ቁጥር (በሺህ) በኤ.ኤል.ቲ ስኩዌር ሩት አባዝቶ ለዚያ ማካፈል። የላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ እና ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ ያው ናቸው። ለምሳሌ የ40 ዓመት ሰው ኤ.ኤስ.ቲው 80፣ ኤ.ኤል.ቲው 64፣ ፕላትሌቱ 100 ሺህ ቢሆን፣ 3,200 ለ800 ሲካፈል 4 ይመጣል። ከ3.25 በላይ የከበደ ጠባሳ መኖሩን ይጠቁማል፤ ከ1.45 በታች ደግሞ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። በሞባይል ካልኩሌተር ይሠራል! ውጤቱን ግን ለሐኪም አሳዩት እንጂ ብቻችሁን አትደንግጡበት።

ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል፤ የጉበት ካንሰር ትንሽ ሳለ ከተያዘ ነገሩ ሌላ ነውና። የጉሮሮ ደም ሥሮቹ ማበጣቸውንም በኢንዶስኮፒ መታየት ሊኖርበት ይችላል። በኋላ ቫይረሱ ቢጠፋለት እንኳ ይህ የስድስት ወር ቀጠሮ አይቀርም። ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የሆድ መነፋት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ግራ መጋባትና ቀን ቀን መተኛት… እነዚህ ለነገ የሚባሉ አይደሉም። በዚያው ቀን ሆስፒታል!

እኛስ?

"ይህ ሁሉ ለሀብታም ነው" የሚል አንባቢ ይታየኛል። ግማሽ እውነት አለው፤ የአር.ኤን.ኤ ምርመራውም ሁለተኛው ዙርም ኪስ ይጎዳሉ። ግን መጠጥ ማቆም ገንዘብ ያተርፋል እንጂ አያስወጣም። ዳይክሎፌናክ አለመግዛትም እንደዚያው። የቀረውን ደግሞ ከመንግሥት መጠየቅ አለብን። "ለድሃ አገር አይሆንም" እንዳይባል ግብፅ አለች። በአንድ ወቅት በዓለም በሄፓታይተስ ሲ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ የነበረችው ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሕዝቧን በሰፊው መርምራ በነፃ አከመች፤ በ2023 ደግሞ በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የዓለም ጤና ድርጅትን የወርቅ ደረጃ ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ሩዋንዳም ቀላል ጉዞ አልተጓዘችም። እኛ ልንጠይቅ የሚገባን ግልጽ ነው፦ ታክሞ ያልዳነ ሰው ስሙ የሚመዘገብበት፣ የሚጠራበትና ሁለተኛው ዙር የሚቀርብበት ሥርዓት። ያልዳኑት ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት መሆናቸው ግን ለመርዳት ቀላል ያደርጋቸዋል እንጂ ለመርሳት ሰበብ አይሆንም።

ከእኛ ከጓደኞቻቸው የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህም ይቀልላል። ሄፓታይተስ ሲ በደም ነው የሚተላለፈው፤ በምላጭ፣ በመርፌ፣ ባልተቀቀለ የንቅሳት ዕቃ። በስኒ አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ማዕድ መለየት፣ ብርጭቆ መደበቅ ድንቁርና ነው። ጉርሻም አይከለከልም። የምትጎርሱት ከእጁ፣ የምታጎርሱትም በእጃችሁ ይሁን።

አንድ የመጨረሻ ልመና። ጓደኛችሁ ቅዳሜ ማታ "አልጠጣም" ሲል "ምነው፣ ጴንጤ ሆንክ እንዴ?" ብላችሁ አትሳቁበት። "አንድ ብቻ፣ ለእኔ ስትል" አትበሉት። ምክንያቱን ላይነግራችሁ ይችላል፤ ሊነግራችሁም አይገደድም። አምቦ ውኃ አዝዙለትና ጨዋታችሁን ቀጥሉ። ጉበቱን ከምትጠብቁለት መንገዶች ሁሉ ርካሹ ይኼ ነው።